ሦስት ጊዜ የተመረቀው ልጅ

ዕንባቆም የሚባል ሰው ሆሳዕና ውስጥ አለ። በዚህች ከተማ የማይንቀው ነገር ቢኖር ራሱን ብቻ ነው። ፑል ቤት የሚውሉትን ይንቃል፣ ፑል ቤት ረግጠው የማያውቁትን ደግሞ ፈሪ ብሎ ይንቃል። ባጃጅ የሚነዱትን፣ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚጫወቱትን፣ ቢሮ ተቀምጠው ማህተም የሚመቱትን፣ ማንንም አይምርም። ከሁሉ ከሁሉ ግን በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጎርፉትን ልጆች ሲያይ አፍንጫው ይነፋል። «ከብቶች» ይላቸዋል፣ «አንዱ ገደል ሲገባ ሌላው የሚከተል።» ጥቂት ዓመት ሃይስኩል አማርኛ አስተምሮ፣ ተማሪው አይገባው መምህሩ አያነብ ብሎ ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው መናቅ ነው ማለት ይቻላል፤ ደመወዝ የለውም እንጂ እሁድም አያርፍም።

አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ይባል የለ? የሱ ግን የባሰ ነው፤ በቅሎዋን የሰጠውን ሰው ነው የሚንቀው። ታላቅ ወንድሙ ብዙነህ ጆሃንስበርግ ዳር፣ ልጆቹ ሎኬሽን በሚሉት ሰፈር፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ተቀምጦ ሳሙናና ዳቦ ይቸረችራል። ተዘርፏል፣ ተወግቷል፣ ሱቁም ተቃጥሎበት እንደገና ጀምሯል። እሱ ነው ታናሽ ወንድሜ ሠርቶ ይብላ ብሎ ባጃጅ የገዛለት። ዕንባቆም ባጃጇን አንድ ክረምት ተሳፋሪ እየሰደበ ነዳት። ከዚያ ሸጣትና ካሜራ፣ ማይክና ላፕቶፕ ገዛ። ለብዙነህ አልነገረውም። ለጠየቀው ሁሉ ግን፣ ፊልሜን የምሠራው በራሴ ገንዘብ ነው፣ ስፖንሰር አልለመንኩም፣ የማንም ሎሌ አይደለሁም ይላል። አይ የራስ ገንዘብ! ወንድምየው በፍርግርግ ጀርባ ያገኘው ገንዘብ፣ ወንድምየውን ከብት የሚል ፊልም ሊሠራበት ነው።

የፊልሙ ስም «አልሄድም» ነው። አንድ ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚለጥፍ ወጣት አለ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሸኘው ነው። አባቱ እጁን ጭኖ ይመርቀዋል። ልጁ መናኸሪያ ይደርሳል፣ አንድ እግሩን አውቶብሱ ላይ ያሳርፋል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ ይመለሳል። ሻንጣውን አንጠልጥሎ በዋናው አስፋልት ወደ ጎሚስታ ቤቱ ሲሄድ ከጀርባው እናየዋለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ዕንባቆም ይቺን የመጨረሻ ትዕይንት ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አዲስ አበባ ለሚካሄድ አንድ የፊልም ውድድር ሊያስገባው ነው፤ ዳኞቹ ልጁ ሲመለስ ሲያዩ ከወንበራቸው ይነሳሉ ብሎ ያምናል። ልጁ ካልተመለሰ ፊልሙ ፊልም አይደለም። ባጃጇም ወንድሙም ስሙም ሁሉም በዚያች መመለስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ለዚህ የመረጠው ልጅ አጵሎስ ነው። የድሮ ተማሪው ነበር፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ እውነተኛ ጎሚስታ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ሲሸከም ኖሮ ግራ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ሳቅ የማይርቀው፣ ከሰው ጋር የማይጣላ ልጅ ነው። አብረውት ያደጉት አንድ በአንድ ወደ ሳውዝ ሲያልቁ እሱ አልሄደም፤ ኮምፕሬሰር ገዝቶ የራሱን ቤት መክፈት ነው ሐሳቡ። ዕንባቆም ታሪኩን ሲነግረው ሳቀና፣ «ቲቸር፣ ይሄማ ትወና አይደለም፤ እኔ እውነትም አልሄድም» አለው። ዕንባቆም በዚህ መልስ ተደሰተ። ስለ ልጁ ሳይሆን፣ ትወና ማስተማር አይኖርብኝም ብሎ ነው የተደሰተው።

ድምፅ የምትቀዳለት ጵርስቅላ ነበረች፤ ሠርግ ቀረጻ ላይ የምትሠራ፣ ምላሷ ስለት የሆነ ልጅ። የምርቃቱን ትዕይንት በአጵሎስ አባት፣ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ዘመዶች መቅረጽ እንደሚፈልግ ሲነግራት አልወደደችውም። ሌላ ሽማግሌ ፈልግ፣ አባት ልጁን በጨዋታ አይመርቅም አለችው። እሱ ግን እውነተኛ ፊት ነው የምፈልገው አለ። ደግሞም፣ ገበሬ ናቸው፣ ካሜራ ሲያዩ ይደሰታሉ፣ የተባሉትን ይላሉ ብሎ ጨመረ። ጵርስቅላ ወደ ገመዶቿ ተመለሰች፤ ከሱ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር መሆኑን ታውቃለች።

ፎንቆ አጠገብ ያለው የአጵሎስ ቤተሰብ ቤት ሲደርሱ አባትየው አቶ አበራ ደጃፍ ላይ ቆመው ተቀበሉት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ቃላቸው ጥቂት ነው። ዕንባቆምን ወደ እንሰቱ ጥግ ወሰድ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁት። ስመርቀው የምሬን ነው ወይስ በአፌ ብቻ ነው የምለው፣ አሉት። ዕንባቆም ሰዓቱን አየ፤ ብርሃኑ እየሸሸበት ነበር። ዝም ብለው ይበሉ አባባ፣ ፊልም እኮ ነው አላቸው። አቶ አበራ «ዝም ብሎ የሚባል ምርቃት አላውቅም» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ዕንባቆም ከኋላቸው ለጵርስቅላ ዐይኑን ጠቀሰላት። ሞኙስ እሱ!

አምስት ስድስት ሰው ይበቃል ተብሎ ነበር። ነገር ግን የልጅ ሽኝት አለ ሲባል ማን ይቀራል? ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ፊልም ነው ብለው የመጡም፣ ፊልም መሆኑን ያልሰሙም፣ ሰምተውም ምን ለውጥ አለው ያሉም ነበሩ። እናትየው ወይዘሮ ገነቴ ለመስቀልና ለክቡር እንግዳ የሚወጣውን አተካና፣ ቡላውን በቅቤና በወተት አብስለው፣ በትልቅ ሳህን አቀረቡ። ዕንባቆም የመጀመሪያ ንግግሩ፣ የቅቤው ነጸብራቅ ካሜራው ላይ ያንጸባርቃል፣ ሳህኑን ገለል አድርጉት የሚል ነበር። ሴቲቱ አንስተው ገለል አደረጉት፤ ፊታቸውን ግን አየሁት የሚል ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

መቅረጽ ተጀመረ። አጵሎስ እናቱ የገዙለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ተንበረከከ። ዕንባቆም ለአዲስ አበባ ዳኞች ሲል ሁሉም ነገር በአማርኛ ይሁን ብሎ ነበርና አቶ አበራ በአማርኛ መረቁ፤ የቀበሌ ማስታወቂያ የሚያነቡ መሰሉ። «ከት» አለ ዕንባቆም። ይድገሙት። አቶ አበራ ቀና ብለው አዩት፤ ምርቃት ይደገማል እንዴ የሚል አስተያየት ነበር። ግን እንግዳ ነውና ደገሙለት። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ እናትየውም አለቀሱ፤ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ሞተር ሳይክል በደጅ እየጮኸ አለፈ። ከት። እንደገና ይድገሙት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። አንደኛው ተነሥቶ ሊወጣ ሲል ጎረቤቱ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

አቶ አበራ ሦስተኛውን በአማርኛ አልልም አሉ፤ ልቤ በሃዲይኛ ነው አሉ። ዕንባቆም ተነጫነጨና፣ ይሁን፣ ከሥር በጽሑፍ እተረጉመዋለሁ ብሎ ካሜራውን ከፈተ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ልጃቸው አናት ላይ ጫኑ። መንገዱ ይለዝብልህ አሉ። ወንዙ ይጉደልልህ፣ በር ጠባቂው ይተኛልህ፣ ያየህ ሁሉ ይውደድህ፣ የነካኸው ይብዛልህ፣ እናትህ ሳታለቅስብህ በእግርህ ተመለስ አሉ። ቤቱ በአሜን ተናጋ። ይህን ምርቃት ዕንባቆም ያውቀዋል። ልጅ ሳለ አባቱ ብዙነህን ሲሸኙ የመረቁት በዚሁ ቃል ነው፤ ያኔ እሱ የወንድሙን ሻንጣ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሳያስበው፣ ካሜራውን እንደያዘ፣ ከሁሉም ሰው ድምፅ በላይ «አሜን» አለ።

ጵርስቅላ ሄድፎኗን አውልቃ አፈጠጠችበት። ድምፁን አበላሸኸው አለችው በዝግታ። ኤዲት ላይ አወጣዋለሁ አላትና ፊቱን አዞረ፤ ዐይኑ እርጥብ መሆኑን እንዳታይ።

ከዚያ ያልታዘዘ ነገር መጣ። ሰዉ ሁሉ ተራ በተራ ተነሥቶ ለስንቅህ እያለ አጵሎስ እጅ ላይ ገንዘብ ያኖርለት ጀመር። አክስት፣ አጎት፣ ወተት የምትሸጥ ጎረቤት፣ ዱላ ተደግፈው የመጡ አሮጊት። የሽኝት ወግ እንዲህ ነው። ዕንባቆም በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ይህን ማን ሊጽፈው ይችላል፣ እያለ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ካሜራውን አዞረ። ሲጨርስ «ከት» አለ፤ ካሜራው ግን ወዲያው አልጠፋም። ማንም ግን ገንዘቡን መልሶ አልወሰደም። አጵሎስ በሁለት እጁ ገንዘብ እንደታቀፈ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር፤ ወደ ቲቸሩ ቀና ብሎ አየ። ያን ሁሉ ፊት በካሜራ ሲያድን የዋለ ሰው፣ ያንን አንዱን ፊት አላየውም።

በሳምንቱ ሐሙስ መናኸሪያው ውስጥ የመጨረሻዋ ትዕይንት ልትቀረጽ ነው። አውቶብሱ ተከራየ፣ ሹፌሩ ተለመነ፣ ጵርስቅላ ማይኳን ይዛ ቆመች። አጵሎስ አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ዕንባቆም ወደ ጎሚስታ ቤቱ ሄዶ ባለቤቱን ጠየቀው። ሰውየው ከጎማው ላይ ቀና ሳይል፣ ማክሰኞ ሄደ እኮ፣ በሀላባ በኩል ወደ ሞያሌ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የሸኘኸው አለው።

ዕንባቆም በሞተር ሳይክል ፎንቆ ደረሰ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ግቢው መሐል ቆሞ ጮኸ። ፊልም ነው ብያችሁ አልነበረም ወይ፣ ሰው እንዴት ፊልምና እውነት መለየት ያቅተዋል፣ ለዚህ ነው ይህ አገር እንዲህ የሆነው፣ እያለ አወረደው። አቶ አበራ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አስጨረሱት። ከዚያ እንዲህ አሉት።

«ልጄ፣ አንተ ፊልም አልክ። እኔ ግን እጄን ልጄ አናት ላይ ጭኜ የእግዚአብሔርን ስም ጠራሁ። አንድ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌዎቹ ተሰብስበን፣ አጥፍተናል ብለን ጸልየን እናነሳው ነበር። ሦስት ጊዜ አስደገምከኝ። ሦስት ጊዜ ተመርቆ፣ የዘመዱን ስንቅ ተቀብሎ የቀረ ልጅ በየትኛው ፊቱ ገበያ ይወጣል?»

ልጁ መሄድ አልፈለገም ነበር። ቀጥሎ የነገሩት ይህን ነው። ገንዘቡን ልመልስ ብሎ በየቤቱ ዞረ፤ ስንቅ ተመልሶ አይገባም፣ እርግማን ነው እያሉ በሩን ዘጉበት። ሆሳዕና ሲመለስ ደግሞ የሚያውቀው ሁሉ እስካሁን አለህ እንዴ ይለዋል። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ፣ እስካሁን አለህ እንዴ። ፑል ቤት ያሉት፣ እነዚያ የትም ሄደው የማያውቁት እንኳ፣ ፈሪው ተመርቆ ፈራ ብለው ሳቁበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጁ ሦስት ቀን ታገሠና ደላላውን ፈልጎ አገኘው።

አሁን ዕንባቆም ምን አለ ትላላችሁ? ልጁ የት ደረሰ አለ? ይቅር በሉኝ አለ? ሸሚዙን ጠየቀ። ሰማያዊው ሸሚዝ እዚህ ቀርቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ገነቴ፣ ለማስታወሻ የፈለገው መስሏቸው፣ አጥበው አጣጥፈው ያስቀመጡትን አውጥተው፣ ሳም አድርገው ሰጡት። እሱም በብብቱ ወሽቆ ሄደ። እንዲህም ያለ ሰው እናት ወልዳዋለች።

ሸሚዙን ራሱ ለበሰው። ካሜራውን ለጵርስቅላ ሰጥቶ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ሳያሳይ፣ ከመናኸሪያው በዋናው አስፋልት ተራመደ። መንገደኛው እያየ ይስቅ ነበር። ጵርስቅላ ቀርጻ ስትጨርስ፣ የአጵሎስ ግራ ትከሻ ዝቅ ይላል፣ ያንተ ቀጥ ያለ ነው አለችው። ትከሻ የሚያይ ሰው የለም አላት። ይህን ሥራ ድጋሚ ካንተ ጋር አልሠራም አለችው። ከመናቅ ሌላ የቀረለት ሥራ ስለሌለ እሷንም ናቃት።

ኤዲቱ ወራት ፈጀ። በእነዚህ ወራት አጵሎስ አንዴ ከናይሮቢ፣ አንዴ ከታንዛኒያ ደወለ። ከዚያ ዝም አለ። ደላላው መንገድ ላይ ነው ይላል። ደላላ መንገድ ላይ ነው ሲል ምን ማለት እንደሆነ በሃዲያ ውስጥ የማያውቅ እናት የለም። በዚያ ሽኝት አሜን ያለ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ወይዘሮ ገነቴ ቤት እየመጣ ልጁ ደረሰ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አሜን ያለ መጠየቅ አለበት፣ ይህም ወግ ነው። ዱላ የተደገፉት አሮጊት እንኳ ዝናብ ሳይሉ ይመጣሉ። ዕንባቆም ግን አንድ ቀንም አልመጣም። ወንድሙ ጆሃንስበርግ ነው፣ አንዲት ስልክ ደውሎ አጠያይቅልኝ ሊለው ይችል ነበር። ግን ብዙነህ ስለ ባጃጇ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አልደወለም።

ፊልሙን ለውድድሩ ከመላኩ በፊት ሆሳዕና ውስጥ አንድ አዳራሽ ለምኖ አሳየው። ያሳየውም፣ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን አይተው ያፍሩ እንደሆነ ብሎ ነው። አዳራሹ ሞላ። በፊልሙ መጀመሪያ የከተማው ፑል ቤት በታየ ጊዜ ልጆቹ ራሳቸውን እያዩ አፏጩ፣ ተሳሳቁ። ምርቃቱ ሲመጣ ግን ፉጨቱ ቆመ፤ ጥቂቶችም ከመቀመጫቸው አሜን አሉ። ከዚያ የመጨረሻዋ ትዕይንት መጣች። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሻንጣ አንጠልጥሎ በአስፋልቱ ላይ ከጀርባ ታየ። ከኋላ አንዱ፣ ተመርቆ ይመለሳል እንዴ፣ ምን ዓይነቱ ወስላታ ነው አለ። ሌሎቹ ሳቁ። መብራት በራ።

ዕንባቆም ማይክ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። ስለ ጥበብ፣ ስለ ነፃነት፣ ስለ ራስ ገንዘብ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር። አፉን ሳይከፍት ከፊተኛው ረድፍ ወይዘሮ ገነቴ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ እያዩ ተናገሩ።

«ያ የሚመለሰው ልጄ አይደለም። ትከሻው የልጄ አይደለም። ምርቃቱን መልሰህ አሳየኝ።»

ዕንባቆም ወደ ጵርስቅላ ተመለከተ፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፣ አልረዳችውም። ላፕቶፑን ከፍቶ ምርቃቱን መለሰ። አጵሎስ እንደገና ተንበረከከ። የአባቱ ድምፅ መጣ፤ መንገዱ ይለዝብልህ፣ ወንዙ ይጉደልልህ። በእግርህ ተመለስ ሲሉ ቤቱ አሜን አለ፤ በሁሉም ላይ ደግሞ፣ ከካሜራው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ አሜን ወጣ። ዕንባቆም ያንን ድምፅ ለማውጣት ብዙ ሌሊት ታግሏል፤ ከአባትየው ቃል ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎት ነው የተወው። ሰው አይሰማውም ብሎም ነበር።

ወይዘሮ ገነቴ ሰሙት። ያ ድምፅ የማን ነው ብለው ጠየቁ። መዋሸት ይችል ነበር። ጵርስቅላ ግን እያየችው ነው፤ አዳራሹ በሙሉም ያንን ድምፅ አሁን በማይክ ከሚናገረው ጋር ሊያነጻጽረው ነው።

«የእኔ ነው» አለ።

«እንግዲያው አንተም ሸኝተኸዋል» አሉት፣ ቁጣ የሌለበት በሚመስል ድምፅ። «አሜን ያሉት ሁሉ ቤቴ መጥተው ጠይቀዋል። እግር የሌላቸው እንኳ መጥተዋል። ከሁላቸው አሜን ያንተ ይበልጣል። አንተ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልጠየቅከኝም።»

አልተቀመጡም፣ አላለቀሱም፤ ቆመው ጠበቁት። ሁሉም ጠበቀው። ከኋላ ያሉት ፑል ተጫዋቾች እንኳ አልሳቁም፤ እሱ ሌላውን ያይ በነበረበት ዐይን ነው ያዩት። በስክሪኑ ላይ አጵሎስ፣ ቪድዮው ከአሜኑ አልፎ ስንቁ ላይ በቆመበት ቦታ፣ ገንዘቡን ታቅፎ ቀና ብሎ እያየው ነበር፤ ያኔ ያላየውን ፊት አሁን አየው። ልጁ አንድ ቃል እንዲባልለት እየጠበቀ ነበር። ፊልም ነው፣ ሁላችሁም ገንዘባችሁን ውሰዱ የሚል አንድ ሰው እየጠበቀ ነበር።

ዕንባቆም ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። መልሱን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ያውቀዋል። ቢሆንም ጠየቀ።

«እማማ፣ አጵሎስ ደረሰ ወይ?»

«አልደረሰም» አሉት፣ ከዚያም ተቀመጡ።